ዐፄ ቴዎድሮስና የንግሥቲቱ ሽጉጥ

በቦሳ አዲስ ከሽማግሎች ጋር ቡና ለመጠጣት የተቀመጠ ተማሪ፣ ወሬው ወደ ድሮ ዘመን መሣሪያ ካዘነበለ፣ ውጅግራና ሰናድር የሚሉ ስሞችን መስማቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን ሰምተን እናልፋለን እንጂ ስሞቹ ከየት እንደ መጡ አንጠይቅም። ውጅግራ ግራስ ከሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ሰናድር ደግሞ ስናይደር ከሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ የወጣ ስም ነው። አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው ተቀዳሚ ሥራው ይህን መለየት ነው። ጥይቱ የሚጎርሰው በአፈ ሙዙ ነው ወይስ በስተኋላ? የሠሪው ምልክት የማን ነው? በብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈትስ ምን ይላል? ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም የሚቀር ጥያቄ እንዳለ፣ የአንድ ሽጉጥና የባለቤቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ያስረዳናል።

ንጉሠ ነገሥቱ በቋራ ተወልደው በካሳ ስም አደጉ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን አጠገብ ደባርቂ በሚባል ቦታ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥመው ድል ሆኑ። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመክት ያን ጊዜ ተረዱ። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ሲደክሙ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ነበር። በ1852 ዓ.ም. በዐመፀኞች እጅ ቆስሎ በሞተ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ደሙን ተበቀሉለት። ንግሥት ቪክቶሪያም ለቆንስላቸው ስለ ተደረገው ደግነት ሽጉጥ በስጦታ ላኩ፤ ምስጋናቸውም በሰሌዳ ላይ ተቀርጾበት ነበር።

በ1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅነትን ፈልገው ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም ለረጅም ጊዜ መልስ አጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው አዲሱን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በዚያው ዘመን በገዛ ሕዝባቸውም ላይ ጭካኔ አብዝተው ነበር፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ ሕዝቡም ከዳቸው። እኛ የምናደንቃቸው ይህን ሸሽገን መሆን የለበትም።

እስረኞቹን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር አስከትቶ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። የእንግሊዝ ወታደሮች በስተኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ስለ ነበር ተኩሳቸው ፋታ አልሰጠም። ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ወገኖቻችን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ በኩል ቆስለው የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ሽማግሎቻችን ሰናድር የሚሉት መሣሪያ ለአገራችን የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተደፈረች። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት በገዛ እጃቸው መሞትን መረጡ፤ የሞቱበትም ያው የንግሥቲቱ ስጦታ ነው። ሬሳቸውን ያገኙት ወታደሮች ሰሌዳውን አንብበው የማን ሽጉጥ እንደ ሆነ ተረዱ። ከዚያ በኋላ የመቅደላ ቅርስ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። ከንጉሠ ነገሥቱ ራስ የተቆረጠው ጸጉር እንኳ ከለንደን የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ሰሌዳው ሐሰት አልተናገረም፤ ምስጋናው እውነት ነበር። ነገር ግን መልስ ስላጣው ደብዳቤ፣ ስለ እስረኞቹና ስለ አሮጌ ሙታን አንድም ቃል የለበትም። ጽሕፈቱን ብቻ ያነበበ ሰብሳቢ ሽጉጡን የፍቅር ምልክት ብሎ በመስተዋት ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሰጪው ቃል በብረት ላይ ሲቀረጽ የተቀባዩ ቃል የሚገኘው ከሰው አፍና ከወረቀት ነው።

ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የምንገኝ ተማሪዎች፣ በአያቶቻችን ቤት አሮጌ መሣሪያ ስናይ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ማን እንደ ያዘው፣ ከማን እንደ ተገኘና በየትኛው ዘመቻ እንደ ዋለ ጠይቀን በደብተራችን ብንጽፍ መልካም ነው። ብረቱ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ የሚያስረዱን ሽማግሎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።