ዶክተር ሂዩ ስኮትና የተራሮቻችን ነፍሳት

የነገሥታትና የጦር ጀግኖች ታሪክ ጸሓፊ አጥቶ አያውቅም። ሐውልት ይቆምላቸዋል፤ መንገድም በስማቸው ይሰየማል። ድንጋይ እየገለበጡና ቅጠል እያራገፉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉትን ሰዎች ግን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። እኛም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ታሪካቸውን የመረጥንላቸው ሰው ከነዚህ አንዱ የሆኑት እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ዶክተር ሂዩ ስኮት ናቸው። ነፍሳት ስንል ጢንዚዛን፣ ቢራቢሮን፣ ዝንብን፣ ጉንዳንንና እነዚህን የመሰሉትን ባለ ስድስት እግር ፍጥረታት ማለታችን ነው። ዓመታቱንም ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

እኚህን ሰው የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈራችን መካኒሳ አቦ የተባለው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የጻድቁም ስም ከዝቋላ ተራራ ጋር የተያያዘ መሆኑን የማያውቅ የለም። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ዝቋላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከሩቅ ይታያል። ብዙ ምእመናን ለበረከት ወደሚወጡበት ወደዚሁ ተራራ ዶክተር ስኮት በ1926 ጢንዚዛ ፍለጋ ወጥተዋል።

ዶክተር ስኮት የተወለዱት በ1885 ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በ1909 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም የነፍሳት ክፍል ኀላፊ ሆኑ። ገና በወጣትነታቸው በ1908 ከአንድ የጥናት ጓድ ጋር በሕንድ ውቅያኖስ ወዳሉት የሲሸልስ ደሴቶች ሄደው እስከ 1909 ድረስ በማሄና በሲሉዌት ደሴቶች ጫካ ውስጥ ነፍሳትን ሰበሰቡ። ከሰበሰቧቸውም መካከል ከእነዚያ ደሴቶች በቀር በዓለም በየትም የማይገኙ ብዙ ነበሩ።

ይህ ስለ ምን ሆነ? ባሕር እንደ አጥር ነው። በደሴት ላይ የቀሩት ነፍሳት ከውጭ ወገኖቻቸው ጋር ሳይገናኙ እርስ በርሳቸው ብቻ ይራባሉ። ከልጆቻቸው መካከል ለዚያ ስፍራ የሚስማማው ይተርፋል፤ የማይስማማው ይጠፋል። ትንሽ ልዩነት በትንሽ ልዩነት ላይ እየተደረበ እጅግ ረጅም ዘመን ካለፈ በኋላ ሌላ ዐይነት ነፍሳት ይገኛሉ። ሊቃውንት ይህን አዝጋሚ ለውጥ ይሉታል። ዶክተር ስኮት የሲሸልስን ሥራ ቶሎ ጨርሰው አልተዉትም፤ አጠቃላይ መደምደሚያቸውን ያሳተሙት በ1933፣ ማለት ከጉዞው ከ20 ዓመት በላይ ቈይተው ነው።

ወደ አገራችን መጀመሪያ የመጡት በ1926 ነው። ዘመኑ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የነገሡበት፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ የነበሩበት ነው። የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና 9 ዓመቱ ስለ ነበረ ከከተማ ወጥቶ ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው ጉዞው በበቅሎ ነበር። ጓደኛቸው ኦመር ኩፐር የሐይቆችንና የወንዞችን ፍጥረታት ሲመረምሩ ዶክተር ስኮት ደኑንና ተራራውን ያዙ።

የነፍሳት ሰብሳቢ ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ ትዕግሥትን የሚፈትን ነው። ከቍጥቋጦ ሥር ጨርቅ ዘርግቶ ቅርንጫፉን መምታት፣ የረገፈውን ቅጠል በወንፊት መንፋት፣ የበሰበሰ ግንድ መላጥ፣ ድንጋይ ማንሣት ያስፈልጋል። የተያዘው ነፍሳ በመርፌ ይተከላል፤ ከሥሩም ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይደረጋል። ይህች ወረቀት ከሌለች የተያዘው ጢንዚዛ ምንም ቢያምር ለሳይንስ ጥቅም የለውም።

ዶክተር ስኮት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጀምጀም ደን ሲሠሩ ከነፍሳቱ ሌላ አንዲት የሌሊት ወፍ አገኙ። ይህች የሌሊት ወፍ ለሳይንስ አዲስ ሆና ስለ ተገኘች በ1927 በስኮት ስም ተሰየመች። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትታወቅም። ነፍሳት ሰብሳቢው ስማቸው ነፍሳትን በምትበላ ፍጥረት ላይ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ከዝቋላ ሌላ በአርሲ ከፍታው ወደ 4000 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ጭላሎ ተራራም ወጡ። እንዲህ ባለው ከፍታ በቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ በሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከኮሶውና ከአስታው በላይ ጅብራ ይበቅላል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ታላቅ ተክል ነው። የደረቁት ቅጠሎቹ በግንዱ ዙሪያ እንደ ካባ ተንጠልጥለው ስለሚቀሩ ነፍሳት ከብርድና ከፀሐይ ይጠለሉባቸዋል። ዶክተር ስኮት ስለ ጅብራና ስለ መሰሎቹ የምሥራቅ አፍሪቃ ተራራ ተክሎች ነዋሪ ነፍሳት በ1935 ጽሑፍ አውጥተዋል።

በከፍተኛ ተራሮች ከሚገኙት ጢንዚዛዎች ብዙዎቹ መብረር አይችሉም። በጀርባቸው ላይ ጠንካራው ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ግን ለመብረር የሚበቃ ክንፍ የለም። በብርድ አገር መብረር ብዙ ኀይል ይፈጃል፤ የሚበረውንም ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ በድንጋይ ሥር የሚሄደው ይተርፋል። ነገር ግን ክንፍ የሌለው ጢንዚዛ ሞቃቱን ቈላ ተሻግሮ ወደ ሌላው ተራራ ሊደርስ አይችልም። እንግዲህ ተራራም ደሴት ነው፤ ባሕሩም ቈላው ነው። በሲሸልስ የታየው ነገር በደጋችንም ይታያል።

ዶክተር ስኮት ከ1930 ጀምሮ በሎንዶን በብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲሠሩ ከቈዩ በኋላ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉትን ደጋዎች ለመመርመር በ1937 ወደ የመን ሄዱ፤ ስለዚህም ጉዞ በ1942 መጽሐፍ አሳተሙ። በ1941 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ። በ1948 ሥራቸውን በጡረታ ሲለቁ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ዕረፍት ሲፈልግ እርሳቸው ዳግመኛ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1948 እና በ1949 በጋሞ ወደሚገኘው ወደ ጉጌ ደጋ ወጡ፤ በ1952 እና በ1953 ደግሞ በ67 ዓመታቸው የስሜንን ተራሮች መረመሩ። የስሜንንም ጥናት በ1958 አሳትመው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1960 በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኛ እንዲህ እንመልሳለን። በቈላ የሚኖር ነፍሳ አገሩ ሲሞቅበት ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ በተራራው ራስ ላይ ያለው ግን ከዚያ በላይ የሚወጣበት ስፍራ የለውም። ማረሻውም ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ ወጥቷል። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጥሮ ነበር። የዝቋላን ደን ገዳሙ ለዘመናት ጠብቆ ቢያቈየውም በ2012 እሳት ተነሥቶበት ምእመናንና ተማሪዎች ለማጥፋት ደክመዋል። በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር ጢንዚዛ ከዚያ ተራራ ቢጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ጠፋ ለማለት ደግሞ አስቀድሞ መኖሩን የመዘገበ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ በ1926 በጀምጀምና በዝቋላ ምን ይኖር እንደ ነበር የሚመሰክሩት እነዚያ ትናንሽ ወረቀቶች ናቸው። ወረቀቶቹ ግን በብዛት የሚገኙት በሎንዶን ነው። ዶክተር ስኮትን በዚህ አንወቅሳቸውም፤ እርሳቸው ባይሰበስቡ ኖሮ በሎንዶንም በሌላም ስፍራ ምስክር ባልተገኘ ነበር። የቀረውን መሥራት የእኛ ፈንታ ነው። በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ ሄደን ልናይና ልንጠይቅ እንችላለን። መርፌ፣ ሣጥንና እርሳስ ውድ ነገሮች አይደሉም። ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር የምናገኘውን ጢንዚዛ በጫማችን ከመርገጥ ይልቅ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጽፈን ብናስቀምጥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች መካኒሳ ምን ትመስል እንደ ነበረ ከእኛ ወረቀት ሊያነቡ ይችላሉ።