ኸሊል ኢብኑ አሕመድ፦ ድምፅን ያዳመጠ ዓሊም

ዛሬ ሙስሐፍ በከፈትን ቁጥር የእጁን ሥራ የምናየው፣ ስሙን ግን እምብዛም የማናነሳው አንድ ዓሊም አለ። ስለ እሱ ትንሽ እናውራ።

ኸሊል ኢብኑ አሕመድ አል-ፈራሂዲ (ረሒመሁላህ) በ100 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ዑማን ውስጥ እንደተወለደ ይነገራል። ያደገውና ያስተማረው ግን በስራ ነው። በስራ የወደብ ከተማ ነበረች። ዐረቡም፣ ፋርሱም፣ ከሩቅ የመጣው ነጋዴም በአንድ ገበያ ይገናኝባታል። ዐረብኛን ከእናቱ ያልተማረ ሙስሊም በዝቷል፤ ሁሉም ቁርኣን መቅራት ይፈልጋል። ችግሩ ጽሑፉ ዘንድ ነበር። በተውባ ሱራ 3ኛ አንቀጽ ላይ አንዲት አጭር ድምፅ ብትለወጥ መልእክቱ ይገለበጣል፦ አላህና መልእክተኛው ከአጋሪዎች የጠሩ መሆናቸው ቀርቶ አላህ ከመልእክተኛው የጠራ ያስመስለዋል፤ አላህ ይጠብቀን። ከኸሊል በፊት አቡል-አስወድ አድ-ዱአሊ ለሐረካዎች በሌላ ቀለም ነጥብ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ፊደላትን ከፊደላት የሚለዩ ነጥቦችም ስለነበሩ ዓይን ይምታታበታል።

ኸሊል ነጥቡን ትቶ ጆሮውን ተከተለ። ደማ አጭር ዋው፣ ከስራ አጭር ያእ፣ ፈትሓ አጭር አሊፍ መሆናቸውን አስተዋለ። ስለዚህ ለደማ ትንሽ ዋው፣ ለከስራ ትንሽ ያእ፣ ለፈትሓ ያዘነበለች ትንሽ አሊፍ አደረገ። ለሸዳ የሺንን ራስ፣ ለሃምዛ የዓይንን ራስ ወሰደ። መጀመሪያ የግጥም መጻሕፍት ተጠቀሙበት፤ ሙስሐፍ ላይ የገባው ዘግይቶ ነው።

የሸዳን ነገር አማርኛ ተናጋሪ በደንብ ይረዳዋል። «ልጁ ይመታል» ተብሎ ተጽፎ ብናገኝ መ ከላላ መቺው እሱ ነው፣ ከጠበቀ ተመቺው እሱ ነው። «ተመታ» ውስጥ የነበረችው ተ መ ውስጥ ገብታ ስለጠፋች ነው መ የጠበቀው። በተለመደው ጽሑፋችን ግን ምልክት የለንም፤ ከዐውዱ እንገምታለን። ቁርኣን ደግሞ በግምት አይቀራም።

ድምፅ ጎረቤቱን እንዲህ የሚለውጠው ለምንድን ነው? ኸሊል መልሱን አፉ ውስጥ ፈለገ። ከእያንዳንዱ ፊደል በፊት አሊፍ እያስገባ፣ ፊደሉን ሱኩን እያደረገ፣ አብ፣ አት፣ አዕ እያለ ከየት እንደሚወጣ ይቀምስ ነበር። ከዚያ ፊደላቱን ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ ከንፈር ደረደራቸው። ዓይንን ስላስቀደመ መዝገበ ቃላቱም «ኪታቡል-ዐይን» ተባለ። ሐሳቡና አደራደሩ የእሱ ሲሆን መጽሐፉን ከዳር ያደረሰው ተማሪው አል-ለይስ ነው ይባላል። እዚያው ውስጥ ዓይንና ሓእ መውጫቸው ስለተቀራረበ በአንድ ሥር ቃል ውስጥ አብረው እንደማይመጡ ተጽፏል። አዛን ላይ «ሐይየ ዐለ» ስንሰማ የሚገናኙት ሁለት ቃላት ስለሆኑ ነው። ይህን በየቀኑ አምስት ጊዜ የሰማ ሰው ስንት ነበር! ያስተዋለው ግን እሱ ነው።

ተጅዊድ የተማረ ሰው ኢቅላብን ያውቃል። ሱኩን ያለባት ኑን ባእ ስትከተላት ወደ ሚም ትለወጣለች፤ ሙስሐፋችን ላይ ትንሿ ሚም የምትቀመጠው ለዚህ ነው። ባእ ከንፈር ስለምትፈልግ ከንፈር ቀድሞ ይገጠማል፣ የአፍንጫው ድምፅ ግን ይቀራል። እኛም «አንበሳ» ብለን እንጽፋለን፣ አፋችን «አምበሳ» ይላል። እንዲህ ያለውን የድምፅ ጉርብትና በሰፊው የጻፈው የኸሊል ተማሪ ሲበወይህ ነው፤ ፋርሳዊ ነበር። የትልቁ መጽሐፉ መጨረሻ ስለ ኢድጋም ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥም ደጋግሞ የሚያወሳው መምህሩን ኸሊልን ነው።

ስለ ግጥም ምት ያወጣው ዕውቀት፣ ዐሩድ፣ ከሁሉ ይልቅ ስሙን አስጠርቶታል። በአንጥረኞች መንደር ሲያልፍ የመዶሻ ድምፅ ሰምቶ እንደጀመረው ይተረካል። የግጥሙ መስመር «በይት»፣ ቤት ወይም ድንኳን ነው፤ ክፍሎቹንም ገመድና ካስማ ብሎ ሰየማቸው። ዐሥራ አምስት ምቶች ቆጠረ፣ ዐሥራ ስድስተኛው በኋላ ተጨመረ። በዐሩድ የሚቆጠረው የተነገረው እንጂ የተጻፈው አይደለም፤ ተንዊን እንደ ኑን ይቆጠራል፣ ሸዳ ያለበት ፊደል ሁለት ይሆናል። ልጁ አባቱን ብቻውን ምት ሲመታ አግኝቶት አብዷል ብሎ ለሰው ነገረ ይባላል። ስለ ዜማም ጽፎ ነበር፤ አልደረሰንም።

ኑሮው በበስራ የሸንበቆ ጎጆ ውስጥ ነበር። የአህዋዝ ገዥ ልጆቹን እንዲያስተምርለት መልእክተኛ ሲልክበት ደረቅ ዳቦ አውጥቶ አሳየው፤ ይህ እስካለ ድረስ ገዥውን አልፈልግም ማለቱ ነው። ተማሪዎቹ በእሱ ዕውቀት ሲበለጽጉ እሱ ከጎጆው አልወጣም።

የሞተው በ170 ወይም በ175 ዓመተ ሂጅራ ነው። አሟሟቱም እንዲህ ይተረካል፦ አገልጋይ ልጅ ሱቅ ብትላክ ነጋዴው የማያታልላት ቀላል የሒሳብ ዘዴ ሊያወጣ እያሰበ መስጂድ ገባ፤ ሐሳቡ ወስዶት ዓምዱን ሳያየው ተጋጨ፣ በዚያው ሞተ። አላህ ይዘንለት።