ሰፈር ሳይበትን መናፈሻ የተከለው ፓትሪክ ጌዲስ

በከተማ ፕላን ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳ ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ ነው። ይሁንና አርክቴክትም መሐንዲስም አልነበረም፤ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። ሌሎች የተጎሳቆለ ሰፈር አይተው ይፍረስ ሲሉ፣ እሱ በዚያው ሰፈር ውስጥ ታክሞ ሊድን የሚችል ሕይወት ይታየው የነበረው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ጌዲስ የተወለደው እ.አ.አ በ1854 ነው። ወታደር የነበረው አባቱ ፐርዝ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቤታቸው የጓሮ አትክልት ይንከባከብ ስለነበር ልጁም ከአፈርና ከተክል ጋር አደገ። ለንደን ውስጥ በዕውቁ ሳይንቲስት ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ሥር ሥነ ሕይወት ተማረ። በ1879 ለምርምር ወደ ሜክሲኮ በሄደበት ወቅት ግን ዓይኑ ታመመና በጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ተዘግቶ ለመቆየት ተገደደ። ሕመሙ ለጊዜው ቢሻለውም ማይክሮስኮፕ ላይ የተመሠረተ የሳይንስ ሕይወቱ በዚያው አከተመ። ከዚያ በኋላ ትኩረቱ ወደ ሰዎችና ወደ መኖሪያቸው ዞረ።

በ1886 አና ሞርተንን አገባ። ጥንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ የኤድንብራን ጥንታዊ ክፍል መኖሪያቸው አደረጉ። ሀብታሞች ሰፊ ጎዳናዎች ወዳሉት አዲሱ ከተማ ከወጡ ቆይተዋል። በአሮጌው ክፍል የቀሩት ድሆች በረጃጅም የድንጋይ ሕንፃዎች ውስጥ ተፋፍገው፣ ፀሐይ በማይደርስባቸው ጉራንጉሮች ይኖሩ ነበር። ጌዲስና አና ጄምስ ኮርት በተባለው ግቢ ቤት ይዘው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ግድግዳ ኖራ መቀባት፣ ግቢ መጥረግ፣ በመስኮት ላይ አበባ መትከል ጀመሩ።

ማዘጋጃ ቤቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር የነበራቸው የተለመደ መፍትሔ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ አስምሮ በመስመሩ ላይ ያለውን ሁሉ ማፍረስ ነበር። ጌዲስ የሚቃወመው ይህንኑ ነው። ተነሺዎቹ የሚሄዱት ርካሽ ኪራይ ወዳለበት ሌላ ሰፈር በመሆኑ መጨናነቁ ቦታ ከመቀየር በቀር አይቃለልም የሚል እምነት ነበረው።

ከሁሉም በፊት ግን መለካት ነበረበት። በ1892 በያዘው አውትሉክ ታወር በተባለው ሕንፃ ሥር የተቋቋመ ኮሚቴ የአሮጌውን ከተማ ጉራንጉሮች ፈትሾ፣ ከሕንፃ ጀርባ የተረሱና ሥራ ያልያዙ 75 ባዶ ቦታዎችን መዘገበ። በድምሩ ወደ 10 ኤከር፣ ማለትም አራት ሄክታር ገደማ ይሆኑ ነበር። ቦታ የለም በሚባልበት ሰፈር መሐል ይህን ያህል መሬት መገኘቱ አስገራሚ ነው። ሥራውን በተግባር የመራችው ልጁ ኖራ ጌዲስ ስትሆን መናፈሻዎቹን ነድፋ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት አስተከለች። በ1911 አሥር የሚሆኑት ለሕዝብ፣ በተለይም ለሕፃናት፣ አገልግሎት ይሰጡ ነበር። የአባትየው ዝና የልጅቱን ስም ለረጅም ጊዜ ሸፍኖታል።

ጌዲስ ጀምሮ የሚተወው ከሚጨርሰው ይበዛ ነበር። ዕዳውን ወዳጆቹ ተሸክመዋል። ራምሴ ጋርደን የተባሉትን ያማሩ ሕንፃዎች ሲያሠራም በአብዛኛው የገቡባቸው የተማሩ ሰዎች እንጂ የሰፈሩ ድሆች አልነበሩም።

በ1914 ወደ ሕንድ ሲያቀና ስለ ከተሞች ያዘጋጀው ዐውደ ርዕይ የተጫነበትን መርከብ ኤምደን የተባለው የጀርመን የጦር መርከብ አሰጠመው። ወዳጆቹ ሌላ ስብስብ አዘጋጅተው ላኩለትና በማድራስ ለሕዝብ አቀረበ። በደቡብ ሕንድ ከተሞች መሐንዲሶች ሊያፈርሱ ያሰቧቸውን ሰፈሮች በእግሩ እየዞረ መረመረ። የፈረሱ ወይም ሊወድቁ የተቃረቡ ጥቂት ቤቶችን ብቻ በማንሳት፣ በተከፈተው ቦታ ዛፍ በመትከልና መተላለፊያውን እዚህም እዚያም በማስፋት፣ በአነስተኛ ወጪ ነዋሪውን ሳያፈናቅሉ አየርና ብርሃን ማስገባት እንደሚቻል አሳየ። ለዘዴው የሰጠው ስም ከሕክምና የተወሰደ ነው፤ የሚተርፈውን አካል የማይነካ ቀዶ ጥገና እንደማለት ነው።

1917 የመከራ ዓመት ሆነበት። ልጁ አላስዴር ፈረንሳይ ውስጥ በጦር ግንባር ተገደለ። አናም በዚያው ወቅት ሕንድ ውስጥ በጠና ታማ ነበርና ጌዲስ መርዶውን ደበቃት። ሳትሰማ አረፈች።

በ1925 ለቴል አቪቭ ባዘጋጀው ፕላን ትንንሽ መናፈሻዎችን በመኖሪያ ብሎኮች መሐል አስገባ። በዚህ ፕላን ላይ ያደገው የከተማዋ ክፍል በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከማቀድ በፊት ማጥናት የሚለውን መርሑን ከተከተሉት መካከል እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ ይገኝበታል፤ በ1950ዎቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ያዘጋጀው እሱ ነው።

ጌዲስ ሚያዝያ 1932 ፈረንሳይ፣ ሞንፔሊዬ ውስጥ አረፈ። ከኤድንብራ መናፈሻዎቹ አንዱ የሆነው ጆንስተን ቴራስ ዛሬም በቤተ መንግሥቱ አምባ ሥር፣ በቁልቁለቱ ላይ አለ። የሚያስተዳድረው የስኮትላንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ሲሆን፣ ድርጅቱ ከያዛቸው ጥብቅ ስፍራዎች ሁሉ ትንሹ ነው።