ፋሻ በመቁረጥ የጀመረችው ልዕልት ፀሐይ



ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ገበዝ ማርያም አካባቢ የተማረ ሁሉ የሴቶች ክበብን ያውቀዋል። መስከረም ላይ ስም ይመዘገባል፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይመረጣል፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲደርስ ባነር ይያዛል፣ ግጥም ይነበባል። ከዚያ ክበቡ እስከሚቀጥለው የካቲት ይተኛል። እኛ በተማርንበት ት/ቤት የነበረው እንደዛ ነበር። አንዷ የክፍላችን ልጅ ዓመቱን ሙሉ አባል ሆና የሠራችው ነገር ቢኖር ለእንግዶች ወንበር ማመላለስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። ማን ይፈርድባታል?

ግን ሁሉም እንደዛ አይደለም። እዚሁ ጎጃም፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የሚባል ሥራ ተሠርቶ ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ከአካባቢው የወጡ ሴቶች እየመሯቸው ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤናቸው ማወቅ፣ ትንሽ ገንዘብ መቆጠብ ይማራሉ። ልጁን ሳይድር የቆየ ቤተሰብ ደግሞ በመጨረሻ የቤት እንስሳ ይሸለማል። በኋላ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ት/ቤት የመቆየት ዕድላቸው ጨምሮ፣ በዚያ ዕድሜ መዳር በጣም ቀንሶ ተገኘ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሞሰቦ ላይ የገባችው ልጅ የሆነ ነገር *ችላ* ነው የወጣችው። ወንበር ያመላለሰችው የኛ ክፍል ልጅ ግን እንደገባች ወጣች።

ይህን ልዩነት በሕይወቷ ያሳየችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ታሪክ ዛሬ ያነሳነው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለልዕልት አንቱ ማለት ነበረብን። ግን በ22 ዓመቷ የሞተች ልጅ ናት፣ ከብዙዎቻችሁ ታንሳለች። አንቺ ብንላት አትቀየምም ብለን ነው።

ፀሐይ የተወለደችው በጥቅምት 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። አባቷ ያኔ ራስ ተፈሪ፣ የንግሥት ዘውዲቱ አልጋ ወራሽ ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ እሷ 11 ዓመት ሆኗታል። ከሴቶቹ ልጆቻቸው የመጨረሻዋ ናት። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪኳ የማንኛዋም የቤተ መንግሥት ልጅ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ላይ ወልወል ላይ ግጭት ተነሳ፣ ጣሊያን ጦር በመርከብ ማጋዝ ጀመረች፣ ወረራው እንደማይቀር ሁሉም አወቀ። አገሪቱ ቆስሎ የሚመጣን ወታደር የምታክምበት ምን ነበራት? ከጥቂት ሆስፒታሎችና ከጥቂት የውጭ አገር ሐኪሞች በቀር ምንም ማለት ይቻላል። ሠልጥና የወጣች ኢትዮጵያዊት ነርስ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ራሱ የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ሦስት ወር እንኳን አልቀረውም።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ። የበላይ ጠባቂዋ እቴጌ መነን ነበሩ። ፀሐይ ገና 15 ዓመቷ ነው፣ ዛሬ ቢሆን የዘጠነኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። ማኅበሩ የልጃገረዶች ብቻ አልነበረም። የመኳንንት ሚስቶችም፣ ወይዛዝርትም፣ ተራ የከተማ ሴቶችም ነበሩበት። ሥራው ግን አንድ ነው፦ ጨርቅ መቁረጥ፣ ፋሻ መጠቅለል፣ ለዘማቹ ልብስ መስፋት፣ የመርዝ ጢስ መከላከያ ጭምብል ማዘጋጀት። ልዕልቷ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትሠራ ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ይግባኝ ሲያሰሙ፣ ንግግሩን በእንግሊዝኛ ያሰማችው እሷ ነበረች።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ይረጩ ጀመር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የሰናፍጭ ጋዝ በአፍንጫ ብቻ አይደለም የሚገባው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ ወታደር የተረጨበትን ሣር ሲረግጥ እግሩ ይላጣል። እነዚያ ሴቶች አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ሌት ተቀን የሰፉት ጭምብል ለዚህ ምን ያደርጋል? ፋሻውስ ቢሆን፣ ቁስሉን አጥቦ የሚያስር የሠለጠነ እጅ ከሌለ ጨርቅ ነው። በቅንነት የተሠራ ሥራ ነበር፣ አንድም ሰው ሊንቀው አይገባም፤ ግን አልበቃም። ፀሐይ ከዚህ ምን እንደተማረች የሚያሳየን ቀጥሎ የመረጠችው መንገድ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ከዚያ በመርከብ፣ በኢየሩሳሌም አድርጎ እንግሊዝ ገባ። መኖሪያቸው ባዝ ከተማ ፌርፊልድ የሚባለው ቤት ሆነ። ብርዱ ከባድ ነበር፣ ገንዘቡም እያለቀ ሄደ። የስደተኛ ንጉሥ ልጅ ምን ታደርጋለች? ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ አገሯን እያሰበች ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ለአባቷ ማስተርጎም ብቻውን እንኳን በቂ ሥራ ነበር።

እሷ ግን በዚያው ዓመት ለንደን ሄዳ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሠልጣኝ ሆና ገባች። ለጉብኝት ወይም ፎቶ ለመነሳት እንዳይመስላችሁ። ሦስት ዓመት ነው! የዚያን ዘመን ሠልጣኝ ነርስ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ወለል መወልወል አለ፣ የሕመምተኛ አልጋ ማንጠፍ አለ፣ የሽንት ዕቃ ማጠብ አለ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር አለ። አዲስ አበባ ሳለች እጇን የሚያስታጥቧት ነበሩ፤ ለንደን ላይ የእንግሊዝ ድሃ ልጆችን ገላ የምታጥበው እሷ ሆነች።

ነሐሴ 1931 ዓ.ም. ፈተናዋን አልፋ የተመዘገበች የሕፃናት ነርስ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። አንዱ ትምህርት ስላልበቃት ጋይስ ወደሚባለው ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ገብታ አጠቃላይ ነርስነት ትማር ጀመር። ለንደን በጀርመን ቦምብ ስትደበደብ የእንግሊዝ ቁስለኛ ስታክም ከረመች።

በዚህ ጊዜ ሌላ ሐዘን ደረሰባት። እህቷ ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከልጆቿ ጋር ጣሊያን አገር በእስር ነበረች። ባለቤቷን ደጃዝማች በየነ መርዕድን ፋሺስቶቹ ረሽነውባታል። ሮማነ ወርቅም በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን አረፈች። ፀሐይ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው ሆስፒታል የምታድረው።

በዚያው 1933 ዓ.ም. አባቷ የት ነበሩ ካላችሁ፣ እኛ ሰፈር! ጃንሆይ ጥር ላይ ከሱዳን ድንበር ተነስተው፣ በበላያ ተራራ አድርገው፣ በቡሬ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ ሆኖ ሲዋጋ ቂጣና ጭብጦ ተሸክማ፣ ወሬ አቀብላ፣ ቁስለኛ ቤቷ ደብቃ ያስታመመችው የጎጃም ሴት ስሟ በየትኛውም ማኅበር መዝገብ ላይ የለም። ይህን የምንለው ልዕልቷን ለማሳነስ አይደለም። ግን እንነጋገር፦ ለንደን ሄዶ መሠልጠን ያኔ የንጉሥ ልጅ ብቻ የምታገኘው ዕድል ነበር። የቡሬዋ ልጅ ልቡ ቢኖራት በሩ አልነበራትም።

አገር ነፃ ሲወጣ ፀሐይ የጀመረችውን ትምህርት አቁማ ተመለሰች፤ አገር ቤትም ሥራዋ ያው ነርስነት ሆነ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ልጅ አቢይ አበበን አገባች። እሱ የወለጋ ገዢ ሆኖ ተሹሞ ስለነበር አብረው ነቀምት ወረዱ።

አራት ወር አልሞላም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በዚያ ክረምት፣ ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ ሞተች።

እስቲ አስቡት። ሌሎች እናቶችና ሕፃናት እንዳይሞቱ ልትሠራበት ያን ሁሉ ዓመት የተማረች ልጅ፣ ራሷ የሞተችው እናቶች በሚሞቱበት ነገር ነው። ንጉሥ አባትም፣ የለንደን ሠርተፊኬትም አላዳናትም። አንድ የሠለጠነ ሰው ለአንድ አገር ምን ሊሆን ነው? የሠለጠኑ ብዙ ሴቶች፣ በየመንደሩ፣ ያስፈልጉ ነበር።

ይህ የገባት አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች፣ ሲልቪያ ፓንክረስት። በአገሯ ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግላ ደጋግማ የታሰረች፣ በወረራው ጊዜ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮህ ጋዜጣ የምታሳትም ሴት ናት። ፀሐይን በስደት ዘመኗ ታውቃት ነበር። ሐዘኑን ሰምታ ሙሾ ማውረድ ሳይሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች፤ በልዕልቷ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ፣ እዚያም ኢትዮጵያውያን ነርሶች እንዲሠለጥኑ። ብዙ ዓመት ፈጀ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ነው። ከነርስ ማሠልጠኛው ጋር! ልዕልቷ በስደት ያገኘችውን ትምህርት የኢትዮጵያ ልጆች አገራቸው ላይ ሆነው ይማሩት ጀመር። ሲልቪያም በመጨረሻ ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፣ እዚሁ ሞታ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ቀበሌ ወጡ፣ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። እናንተ ቀበሌ ጤና ኬላ ያለችው እህታችን ከእነሱ አንዷ ናት። በየቤቱ እየዞረች እርጉዝ የምትመዘግበው፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ውለጂ እያለች የምትለምነው እሷ ናት። መድማት ዛሬም እናቶችን ከሚገድሉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ ያ ልመና ቀልድ አይደለም። ቀይ መስቀልም ያኔ በጥድፊያ ቢቋቋምም ዛሬም ወጣት በጎ ፈቃደኞችን የመጀመሪያ ዕርዳታ ያሠለጥናል። የምትመዘገቡ ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ምን ታስተምሩኛላችሁ? መልሱ ባነር ከሆነ፣ እናንተ ታውቃላችሁ።

ልጅ አቢይ በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆኑ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው ባለሥልጣናት መሃል ነበሩ። ሆስፒታሉም ስሙ ተቀየረ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ባቡር ይዛችሁ በምዕራቡ በኩል የመጨረሻው ፌርማታ ጦር ኃይሎች ላይ ስትወርዱ፣ በዚያው ሰፈር ያለው ማለት ነው። እሷ ያረፈችው ግን በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም፣ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በተቀበሩበት ምድር ቤት ነው።