ነጋድራስ ገብረ ሕይወትና የጣና ሒሳብ

የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ሲነሣ ቶሎ የሚጠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። እኔን ግን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ የአገራችን ሰው፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ መተማ ላይ ወደቁ። እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ምጽዋ ወርደው በጀርመን መርከብ አውሮፓ ገቡ። አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በርሊንም ሕክምና ተማሩ። ተመልሰው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ ስደትም ቀመሱ። በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ሀብት የሚገኘው ከሰው ድካም ነው። ዕውቀት ያለው ተፈጥሮን ያሸንፋል፤ የሌለው ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብም የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም ይለውጣል።

ታዲያ አካባቢ የት ገባ? እውነቱን ለመናገር አልገባም። በክፉ ቀን ዘመን ላደገ ሰው ተፈጥሮ የሚሸነፍ ኃይል እንጂ የሚጎዳ ነገር አልነበረም። እሳቸው ባረፉ በዓመቱ እንግሊዛዊው አርተር ፒጉ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፋብሪካ ጭስ በጎረቤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዕቃው ዋጋ ውስጥ እንደማይቆጠር፣ መንግሥትም በግብር ሊያስቆጥረው እንደሚችል አስረዳ። ትምህርቱ ራሱን ችሎ የቆመው ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና የከተማው ፍሳሽ ይመግቡታል። ማዳበሪያው የዕውቀት ፍሬ ነው፤ ለገበሬውም ምርት ጨምሮለታል። የደንቢያ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ግን አባቱ ሥራ ፈትተው ከጎረቤት ጋር እምቦጭ በእጃቸው ሲነቅሉ እንደሚውሉ አጫውቶኛል። ያ ቀን የማንም ወጪ ሆኖ አይመዘገብም።

እንግዲህ ለእኔ የነጋድራስ መለኪያ እዚህ ላይ ይሠራል። እሳቸው ድካምን በቀን ቆጥረዋል፤ እኛም ለእምቦጭ የዋለውን ቀን በዚያው መቁጠር እንችላለን። የክፍላችን ልጆች ስለ ሐይቁ ዜና ስንሠራ ስንት ሄክታር ተሸፈነ ብቻ ሳይሆን ስንት የሥራ ቀን ባከነ ብለንም እንጠይቅ።