ስለ አንድ አሜን የተለያየ ቤት
የሱዛና ዌስሊ ታሪክ

በእውነተኛ ክርስቲያን ቤት ጠብ አይገኝም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህም በገዛ ቤቱ ጠብ በተነሣ ጊዜ አንዱ ጸሎቱን ከንቱ ነው ብሎ ይተዋል፤ ሌላውም ቍስሉን ሸፍኖ በሰው ፊት ጻድቅ መስሎ ይታያል። ለሁለቱም የዚህች ሴት ታሪክ ይጠቅማቸዋል። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሱዛና በ1669 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባትዋ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ሰባኪ ነበረ። እርስዋ ግን ገና ልጅ ሳለች የሁለቱን ወገን ክርክር መርምራ፥ ከአባትዋ ማኅበር ወጥታ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ አባትዋም ስለዚህ ነገር ፍቅሩን አልነሣትም። በ1688 ዓ.ም. ሳሙኤል ዌስሊን አገባች፤ እርሱም ቄስ ሆኖ ኤፕዎርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ብዙ ዘመን አገለገለ። 19 ልጆች ወለደችለት፤ ከነዚህም 9ኙ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ባልዋ የተማረና ትጉህ ሰው ነበረ፤ ዳሩ ግን ቍጡና እልከኛ ነበረ፥ ገንዘብንም መያዝ አያውቅም ነበር። ሚስቱም እውነት ነው ብላ የያዘችውን ነገር በቀላሉ የምትለቅ ሴት አልነበረችም።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕዝብ በንጉሥ ነገር ተከፍሎ ነበር። ንጉሥ ጄምስ 2ኛ በ1688 ዓ.ም. ከአገሩ ከሸሸ በኋላ ዊልያም 3ኛ በዙፋኑ ተቀመጠ። ቄስ ሳሙኤል ዊልያምን እግዚአብሔር ያነገሠው ነው ይል ነበር፤ ሱዛና ግን በልብዋ መንግሥቱ የቀድሞው ንጉሥ ወገን ነው ብላ ታምን ነበር። ይህንንም ለባልዋ ሳትነግረው ብዙ ዓመት ኖረች። በ1702 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ባልዋ በቤተሰቡ ጸሎት ስለ ንጉሡ በጸለየ ጊዜ ሚስቱ አሜን እንዳላለች አስተዋለ። ጠርቶም ምክንያቱን ጠየቃት፤ እርስዋም ሳትሸሽግ ነገረችው። እርሱም እጅግ ተቈጥቶ፥ ከእግዚአብሔርና ከእርሱ ይቅርታ እስክትለምን ድረስ ከእርስዋ ጋር በአንድ አልጋ እንዳይተኛ ማለ።

ብዙም ሳይቈይ ንጉሥ ዊልያም ሞተ፤ ጠቡ ግን ከንጉሡ ጋር አልሞተም። ሱዛና በዚያ ወራት ለአንዲት እመቤትና ለአንድ የተማረ ካህን ምክር ለመጠየቅ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ጭንቀትዋ ሁለት ነበረ። በደል ነው ብላ ስላላመነችው ነገር ይቅርታ ብትለምን በእግዚአብሔር ፊት መዋሸት ሆነባት፤ ባትለምንም ቤትዋ ሊፈርስ ነው። ካህኑም ሕሊናዋን እንድትጠብቅ መከራት። ባልዋ እርስዋንና ልጆቹን ትቶ ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያው ዓመት በቤታቸው እሳት ተነሥቶ ብዙውን ክፍል አቃጠለው፤ ከዚያ በኋላ ሳሙኤል ተመልሶ ከሚስቱ ጋር ኖረ። በ1703 ዓ.ም. ልጃቸው ጆን ተወለደ፤ እርሱም ከወንድሙ ከቻርልስ ጋር ሜቶዲስት የተባለውን ማኅበር የጀመረው ጆን ዌስሊ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ መከራ ቀረ ማለት አይደለም። በ1705 ዓ.ም. ቄስ ሳሙኤል 30 ፓውንድ በማይሞላ ዕዳ ተይዞ በሊንከን ግንብ ታሰረ። ሱዛና ሌላ የምትሰጠው ባይኖራት ቀለበቶችዋን ላከችለት፤ እርሱም ተቀብሎ አልሸጣቸውም፥ መልሶ ላከላት። ስለ አንድ አሜን የተለያዩት ባልና ሚስት በችግራቸው ቀን እንዲህ ተያዩ። በ1709 ዓ.ም. ደግሞ ቤታቸው በሌሊት ፈጽሞ ተቃጠለ፤ ጆንም ገና አምስት ዓመቱ ነበረ፥ አንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ በመስኮት አወጣው።

በ1712 ዓ.ም. ባልዋ ለሥራ በሎንዶን ሳለ፥ ሱዛና በእሑድ ማታ ለልጆችዋና ለሠራተኞችዋ ስብከት ታነብ ነበር። ጎረቤቶችም ሰምተው መጡ፤ ቍጥራቸውም 200 ያህል ደረሰ። የቄሱ ረዳት ቀንቶ ከሰሳት፤ ባልዋም እንድትተው ጻፈላት። ከዐሥር ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ቤቱን ከፍሎት ነበር። አሁን ግን ምክንያትዋን በትሕትና ገልጣ፥ መተው ካለባት እንዲያው ፈቃዱን ብቻ እንዳይነግራት፥ በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂው እርሱ እንዲሆን በግልጥ እንዲያዝዛት ለመነችው። እርሱም አላዘዘም። ሚስቱ ሕሊናዋን ሳትሸጥ ባልዋን አከበረች፤ ባልዋም መማልን ትቶ ዝም ማለትን ተማረ።

በዚያው ዘመን ከዴንማርክ ንጉሥ ወደ ህንድ አገር ስለ ተላኩ ሚስዮናውያን የሚናገር መጽሐፍ አነበበች፤ ልብዋም ተነካ። ወደ ሩቅ አገር መሄድ ባትችል፥ ስለ ነፍሳቸው ለመነጋገር ለልጆችዋ ለያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ማታ መደበችላቸው። የጆን ቀን ሐሙስ ነበረ፤ ካደገም በኋላ ያንን ሰዓት በናፍቆት ያስበው ነበር።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ሄቲ የተባለች ልጃቸው በ1725 ዓ.ም. ከአንድ ሰው ጋር ከቤት ኰብልላ በውርደት ተመለሰች፤ ፈጥነውም ለማይመስላት ሰው ዳሩዋት። አባትዋ ፊቱን አዞረባት፤ ጆንም በ1726 ዓ.ም. ለበደሉ ሰዎች ስለሚገባው ፍቅር ሲሰብክ አባቱ ነገሩ ስለ እርሱ እንደ ተነገረ አውቆ ተቀየመ። በ1735 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ ከልጁ ጋር ፍጹም አልታረቀም። ለንጉሥ አሜን ያልተባለበትን ቂም የተወ ሰው የልጁን በደል መተው አቃተው።

ሱዛና በ1742 ዓ.ም. በሎንዶን ሞተች፤ ልጆችዋም እንደ ለመነቻቸው በአልጋዋ ዙሪያ ቆመው የምስጋና መዝሙር ዘመሩ።

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ጠብ ቢነሣ ጸሎትህን አትተው፥ ቍስሉንም አትሸፍን። ያመንኸውን ያለ ቍጣ ተናገር፤ በእልክ የማልኸውንም ማላ እንደ ቅዱስ ነገር አትጠብቀው። ፊትህን ያዞርህበት ልጅ ወይም ወንድም ቢኖር፥ የዛሬው ማታ የእርሱ ማታ ይሁን፤ አስጠራውና አጠገብህ አስቀምጠው።