ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴት

የምንኖርበት ሰመርሊን ስሙን ያገኘው ከባለጸጋው ሃዋርድ ሂዩዝ አያት፣ ከጂን አሚሊያ ሰመርሊን ነው። ስሟን በየቀኑ አድራሻችን ላይ እንጽፋለን፤ ማን እንደነበረች የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ማሪያ ቴሬዛም ለእኛ እንደዚያው ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1717 ቪየና ተወለደች። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ሴት ልጁ እንድትወርሰው የአውሮፓን መንግሥታት አስማምቶ ነበር። በ1740 ሲሞት እሷ የ23 ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ዓመቱ ሳያልቅ የፕሩሲያው ፍሬድሪክ ስምምነቱን ረስቶ ሲሌሲያን ወረረባት። ስምንት ዓመት ተዋግታ ሲሌሲያን ብታጣም ዙፋኗን አስከበረች።

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን የያዘኝ ሌላው ታሪኳ ነው። ከወለደቻቸው 16 ልጆች ለአዋቂነት የበቁት 10 ብቻ ናቸው። በ1767 ፈንጣጣ ከምራቷ ተጋባባት፤ ምራቷ ሞተች፣ እሷ ተረፈች። በዚያው ዓመት የ16 ዓመት ልጇንም ፈንጣጣ ወሰደባት። በዓመቱ ያን ኢንገንሁስ የሚባል ሐኪም አስመጥታ ልጆቿን አስከተበች። ዛሬ የምንማረው ዓይነት ክትባት እንዳይመስላችሁ። ከታማሚ ቁስል የተወሰደ መግል ጤነኛ ሰው ቆዳ ሥር ማስገባት ነበር፤ እሱ ራሱ ሊገድል ይችላል። ልጅ ለቀበረች እናት ይህን መወሰን እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። ቅድስት ግን አላደርጋትም፤ በ1744 አይሁዶች ከፕራግ እንዲባረሩ ያዘዘችውም እሷው ናት።

ባሏ በ1765 ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ለብሳ ኖረች። ብሩ ላይ የምናየው የራስ መሸፈኛ የመበለት ነው።

በ1780 ሞተች፤ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ብሯ ግን ያው 1780 እየተጻፈበት መመታቱን ቀጠለ። በጥንቷ ሮም የአንቶኒኑስ ፒዩስ ሚስት ፋውስቲና በ140 ስትሞት ሴኔቱ ከአማልክት ቆጥሯት፣ በስሟ የብር ሳንቲም ወጥቶላታል። ማሪያ ቴሬዛን ያቆያት ግን ገበያ ነው። የእኛ አገር ነጋዴ የጌጧን ዕንቁዎች አይቶ፣ አልፈዘዙም ካለ ነበር የሚቀበለው። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ሕዝቡ እሷን አልተወም።

ይህን ሙሶሊኒም ያውቅ ነበር። በ1935 የብሩን መምቻ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጦሩ መረብን ተሻገረ። ከሞተች 155 ዓመት የሆናት ሴት መልክ ለወረራው መክፈያ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ ይሰበሰብ ጀመር። ያልተሰበሰበው ሣጥን ውስጥ ቀረ፣ ወይም አንጥረኛ ዘንድ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆነ።